ከክንድ ባነሰ ርቀት

አንድ ለዘጠኝ ነው። አንድ ጣሳ በረኪና፣ ዘጠኝ ጣሳ ውሃ። በሰሜን ወሎ፣ በላስታ ደጋ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ሚድዋይፍ ከእንቅልፏ ቀስቅሰው ቢጠይቋት ይህን ሒሳብ አትስተውም። ገበያ ላይ የሚገኘው በረኪና 5 በመቶ ክሎሪን ያለው ከሆነ፣ ዘጠኝ እጥፍ ውሃ ሲገባበት ወደ 0.5 በመቶ ይወርዳል። ደም የነካው መቀስና መቆንጠጫ ለ10 ደቂቃ የሚዘፈዘፈው በዚህ ነው። ከማዋለጃው ክፍል በር ጀርባ ሦስት ባልዲዎች ተደርድረዋል፦ የበረኪናው፣ የሳሙናው፣ የንጹሕ ውሃው። በበጋ ሦስቱንም መሙላት ቀላል አይደለም። ቧንቧው ሲደርቅ ውሃው በቢጫ ጄሪካን ከምንጭ ይመጣል፤ ያው አንድ ጄሪካን ለመጠጥም፣ ለእጅ መታጠቢያም፣ ለወለሉም ይዳረሳል። ያኔ ዘጠኙ ጣሳ ስድስት፣ ስድስቱም አራት ሊሆን ይዳዳዋል። ውህዱ ሲበረታ ሽታው ዓይን ያቃጥላል፣ መቀሱም በወራት ውስጥ ዝገት ያወጣል።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ውሻ ይጮኻል። ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ የተሸከሙ ወንዶች ከተራራው ወገብ ጀምሮ እየተቀባበሉ ወርደዋል፤ አራቱ ከቃሬዛው ሥር፣ ሌሎቹ ተራቸውን እየጠበቁ ከኋላ። አምቡላንስ የሚመጣው የመኪና መንገድ እስካለበት ድረስ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው አገር የእግርና የበቅሎ ነው። ሸካሚዎቹ ግንባራቸው ላይ ላብ አለ፤ አፋቸው ላይ ምንም የለም። ከኋላቸው አፋቸውን በነጠላ የሸፈኑ አሮጊት «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ ይገባሉ። ሚድዋይፏ የትናንቱን ማስክ አጥልቃ ትቀበላቸዋለች።

«ልጄ፣ አፍሽን ምን አገኘው? አመመሽ እንዴ?»

«የለም እማማ፣ ለአንቱም ለእርሷም ብዬ ነው። ነጠላዎን አይግለጡት።»

ይህን እንደ አንድ ሌሊት ታሪክ አልጻፍኩትም። ከ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወዲህ በላስታም፣ በቡግናም፣ በመቄትም ደጋዎች ሰዎቹ እየተለዋወጡ የተደጋገመ ሌሊት ነው።

ሁለት የአዋቂ እርምጃ

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19ን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ነው ባለ በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ታማሚ ተገኘ፤ ከቡርኪናፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ ነበር። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። መጋቢት 27 የመጀመሪያው ሞት ተሰማ፤ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ዋጋቸው ጣራ ነካ። ስልክ በደወልን ቁጥር ከሰውዬው ድምፅ በፊት እጃችሁን ታጠቡ የሚል ምክር ይቀድም ነበር። ከምክሮቹ ሁሉ በሕዝቡ አፍ የገባው ደግሞ «ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራራቁ» የሚለው ነው።

ይህን ምክር ሊፈጽሙት የማይችሉ ጥቂት ሙያዎች አሉ፤ ከፊተኞቹ አንዱ ማዋለድ ነው። እናቲቱ ስታምጥ አዋላጇ ከፊቷ ናት፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከአንድ ክንድ ያንሳል። ያማጠች ሴት በዝግታ አትተነፍስም፤ ታቃስታለች፣ ትጮኻለች፣ አየሩን ከሆዷ ታወጣዋለች። የኮሮና ቫይረስ ደግሞ የሚጓዘው በዚሁ ትንፋሽ ነው። የእንሽርት ውሃው ሲፈስ ልብስ ይነካል፤ አንዳንዴ ፊት ላይ ይረጫል። ደም አለ። የእንግዴ ልጁ አልወርድ ካለ እጅ እስከ ክርን መግባት ሊኖርበት ይችላል፤ ለዚህ ሲባል የተሠራ ረጅም ጓንት አለ፣ ከተገኘ። ይህ ሁሉ በቀጠሮ የሚሆን ነገር አይደለም። የጥርስ ሕመምተኛን ወረርሽኙ ሲያልፍ ተመለስ ማለት ይቻላል። ምጥ ግን ቀጠሮ አይቀበልም።

የዓለም ጤና ድርጅት ለመደበኛ ወሊድ የሚያዘው መከላከያ ሲዘረዘር የሚያስደነግጥ አይደለም፦ ጓንት፣ ውሃ የማያስገባ ጋውን ወይም የፕላስቲክ ሽርጥ፣ የሕክምና ማስክ፣ የዓይን መነጽር። እግር ላይ ቦቲ ጫማ ቢኖር ይመረጣል። በዚያ ሰሞን ሁሉም ሰው ስሙን የተማረው ኤን 95 ማስክ በዋናነት ትንፋሽ እንደ ጉም ለሚበተንባቸው ሥራዎች ነው፤ ቱቦ ወደ መተንፈሻ ሲገባ፣ በመሣሪያ ሲተነፈስ። ማዋለጃ ክፍል ያለ ኤን 95 ሊሠራ ይችላል። ያለ ጓንት ግን አይቻልም።

መነጽሩን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። የላስታዋ ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከላይዋ ያለው አቡነ ዮሴፍ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በዚህ ብርድ ማስክ አጥልቆ በመነጽር የሚሠራ ሰው የገዛ ትንፋሹ መስታወቱን ያጨልምበታል። እጇ በደምና በውሃ የተያዘባት አዋላጅ መነጽሯን መጥረግ አትችልም። ስለዚህ ብዙዎች ወደ ግንባራቸው ይሰቅሉታል። ዓይን የሚጠብቀው መሣሪያ ፀጉር ይጠብቃል ማለት ነው። ከሩቅ ሆኖ ይህን በግድየለሽነት መተርጎም ቀላል ነው፤ እዚያ የቆመ ሰው ግን የሕፃኑን ጭንቅላት ማየት አለበት።

በዓለም ገበያ የነበረውም ግርግር የሚረሳ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በየካቲት 2012 መጨረሻ ባወጣው ማስጠንቀቂያ ለወረርሽኙ ብቻ በየወሩ 89 ሚሊዮን የሕክምና ማስክ፣ 76 ሚሊዮን የምርመራ ጓንትና 1.6 ሚሊዮን መነጽር እንደሚያስፈልግ፣ ፋብሪካዎችም ምርታቸውን በ40 በመቶ ካላሳደጉ እንደማይበቃ ተናግሮ ነበር። የማስክ ዋጋ በዚያን ጊዜ ስድስት እጥፍ አድጎ ነበር። ቻይናዊው ባለሀብት ጃክ ማ ለአፍሪካ አገሮች የላከው ርዳታ መጋቢት 13 አዲስ አበባ ደረሰ፤ ለእያንዳንዱ አገር 100,000 ማስክና 1,000 የመከላከያ ልብስ። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላለው አገር 1,000 ልብስ! ምስጋና ይገባዋል፤ ሒሳቡ ግን ሒሳብ ነው። በዚህ ላይ የመጣው ሁሉ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ለይቶ ማቆያና ወደ ኮቪድ ሕክምና ማዕከል ነበር። ምክንያታዊ ነው፤ በሽታው ያለው እዚያ ነውና። ሳይመረመር የሚገባው፣ ማን እንደታመመ የማይታወቅበት ክፍል ግን ማዋለጃው ነበር።

በነገራችን ላይ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2020ን አስቀድሞ የነርሶችና የሚድዋይፎች ዓመት ብሎ ሰይሞት ነበር። በዓሉ እንዲህ ይከበራል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

የንቦቹ ከተማ

ላሊበላ ስሟን ያገኘችው ከወላድ አልጋ ነው። ሮሃ ትባል በነበረች ጊዜ የተወለደውን ሕፃን ንቦች ከበቡት፣ እናቱም ንቦቹ ንግሥናውን አወቁለት አለች ይላል ትውፊቱ፤ ላሊበላ የሚለው ስምም ከዚያ ጋር ይያያዛል። ከ11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አንዱ በሆነው በቤተ ማርያም ግቢ ውስጥ ደግሞ ውሃው አረንጓዴ የለበሰ ጉድጓድ አለ፤ ልጅ የሚሹ ሴቶች በገና ጊዜ በገመድ ተይዘው የሚጠመቁበት። ከፀነሰች በኋላም ጎረቤቱ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ይላታል፤ ከወለደች «እንኳን ማርያም ማረችሽ»። በዚህ አገር ወሊድ ከሕክምና በፊት የእምነትና የሰፈር ጉዳይ ነው። ሴቶቹ ተሰብስበው ገንፎ ያገነፋሉ፣ ቡና ይፈላል፣ አንዷ ጀርባ ትደግፋለች፣ አንዷ ሆድ ታሻለች።

ጤና ጣቢያዎች ይህን ልማድ ከተቃወሙት ዘመን ይልቅ ካቀፉት ወዲህ ነው ሴቶቹ መምጣት የጀመሩት። የእናቶች ማቆያ ቤት ተሠራ፤ ምጧ ከመድረሱ በፊት ሩቅ ያለችው እናት መጥታ እንድትሰነብት። ገንፎና ቡና በግቢው ተፈቀደ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ፣ ከሁለት አሠርት ዓመታት ወዲህ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ከተመደቡት ሴቶች አንዷ፣ የነፍሰ ጡሮቹን ስም በደብተሯ ይዛ ከቤት ቤት ዞረች። ውጤቱ በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶቹ ላይ ይታያል፦ በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች በ2003 ዓ.ም. ከመቶ 10 ነበሩ፣ በ2008 26 ሆኑ፣ በ2011 48 ደረሱ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥናቶች መካከል የእናቶች ሞትም ከ100,000 ወሊድ ከ676 ወደ 412 ወርዷል።

ወረርሽኙ የመጣው እንግዲህ በዚህ ላይ ነው፤ ሴቶቹ ገና መምጣት በለመዱበት ሰሞን። አብሮ መግባት ተከለከለ። ቡናው ቀረ። አዋላጇ ፊቷን ሸፈነች። የምታምጠው እናት የምታየው ዓይን ብቻ ሆነ፤ ፈገግታውም ማጽናኛውም ከማስኩ ኋላ ቀረ። «አይዞሽ የኔ እናት» የሚለው ድምፅ ከጨርቅ ሥር ታፍኖ ይወጣል። ለመሆኑ አንድ ሰው ምጥ ላይ ሆኖ ሁለት ጊዜ «ምን አልሽ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል? ጤና ተቋሙ ራሱ በሽታ ያለበት ቤት ነው የሚል ወሬም ከገበያ ገበያ ዞረ። ወሬው ሙሉ በሙሉ ሐሰት ነው ብሎ መከራከር የሚቻለው ሠራተኞቹ ሲጠበቁ ብቻ ነው። በላሊበላ ደግሞ ቱሪስት ሲቀር የሆቴሉ፣ የአስጎብኚው፣ የበቅሎ ነጂው ኪስ አብሮ ደረቀ። መኪና መኮናተር የሚፈልግ ቤተሰብ ቢኖር እንኳ ብሩ አልነበረውም።

የጓንቱ ትውልድ

ጓንት ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል የገባው በሽተኛን ለማዳን አልነበረም። በ1880ዎቹ መጨረሻ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ካሮላይን ሃምፕተን የምትባል ነርስ እጇ በሜርኩሪ መድኃኒት ተቆጥቶ ሥራ ልትለቅ ደረሰች። ሐኪሙ ዊሊያም ሃልስቴድ ለጉድይር ኩባንያ ስስ የላስቲክ ጓንት እንዲሠሩላት አዘዘ። በሽተኞቹም ይበልጥ እየዳኑ መሆናቸው የታየው በኋላ ነው። ሠራተኛዋን ለመጠበቅ የተሠራ ነገር በሽተኛውን ጠበቀ።

ከዚያ 40 ዓመት በፊት የሆነው ደግሞ ይብስ ያስገርማል። በቪየና ጠቅላላ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ፤ አንዱ ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች፣ ሌላው አዋላጆች የሚሠሩበት። በፈረንጆቹ 1846 በሐኪሞቹ ክፍል ከ100 እናቶች 11 ገደማ ሲሞቱ በአዋላጆቹ ክፍል 3 አይሞሉም ነበር። ኢግናዝ ዜመልቫይስ የተባለው ሐኪም ምክንያቱን ሲፈልግ የደረሰበት በሠራተኛ ሞት በኩል ነው። ጓደኛው ያኮብ ኮለችካ አስከሬን ሲመረምር በተማሪ ቢላ ጣቱን ተወግቶ ሞተ። ገላው ሲከፈት የታየው ወላዶቹን የሚገድለው በሽታ ራሱ ነበር። ሐኪሞቹ ከአስከሬን ክፍል በቀጥታ ወደ ምጥ ይመጡ ነበር፤ አዋላጆቹ አይመጡም ነበር። ዜመልቫይስ በር ላይ የክሎሪን ውሃ አስቀመጠ። በ1847 ሚያዝያ ከ18 በመቶ ያለፈው ሞት በሁለት ወር ውስጥ ወደ 2 በመቶ ወረደ።

የላስታዋ ሚድዋይፍ በር ላይ ያለው ባልዲ የዚያ የክሎሪን ውሃ የልጅ ልጅ ነው። አንድ የቆሰለ ጣት ባይመረመር ኖሮ የእናቶቹ ሞት ምስጢር ምን ያህል ዓመት ይቆይ ነበር? የአዋላጇን ደህንነት ከእናቲቱ ደህንነት ለይቶ የሚያስብ ሰው ሲገጥመኝ ይህችን ጣት አነሳበታለሁ።

ያላለቀ የሚመስል ጓንት

በ2012 ክረምት የእኅቴ ልጅ ምጥ ያዛት። ወደ አንድ የመንግሥት ጤና ተቋም ወሰድናት፤ የት እንደሆነ አልናገርም፣ ላስታ ግን አይደለም። ወሊድ ነፃ አገልግሎት ነው፤ ግድግዳው ላይም ተጽፏል። ሚድዋይፏ እየተሳቀቀች ወጥታ «ጋሼ፣ ጓንት ከውጭ ገዝታችሁ ብታመጡልን» አለችኝ። ሌሊት ነበር። ተዘግቶ የነበረን መድኃኒት ቤት አንኳኩቼ አስከፈትኩ። ዋጋው ጥር ላይ ከነበረው ከእጥፍ በላይ ሆኗል። አራት ጥንድ ገዛሁ፤ የሚበቃ መስሎኝ ነበር። ስመለስ ሚድዋይፏ የመጨረሻዋን ጥንድ ለብሳ እጆቿን እንደ ጸሎት ወደ ላይ ይዛ፣ ምንም ሳትነካ ቆማ ነበር፤ እንዳይቆሽሽባት። ያ አቋቋም እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ።

ልጅቷ በሰላም ወለደች። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ ጓንት እንዴት እንደሚጠየቅ፣ ማንስ እንደሚቆጥረው ማጠያየቅ ጀመርኩ።

ጤና ጣቢያ ለመድኃኒት አቅርቦት በየሁለት ወሩ ሪፖርትና መጠየቂያ ቅጽ ይሞላል። ለሰሜን ወሎ ቅርቡ የአቅርቦት ቅርንጫፍ ደሴ ነው። በቅጹ ላይ የሚቀጥለው መጠን የሚሰላው ባለፈው ፍጆታ ነው፤ ስንት ነበረ፣ ስንት ተጠቀማችሁ፣ ስንት ቀረ። ዕቃው ጨርሶ ያለቀባቸው ቀናት ካሉ እንዲስተካከል መንገድ አለው። አሁን እዚህች ላይ ቆም እንበል። ጓንቱ እንዳያልቅ የምትቆጥብ ሚድዋይፍ፣ ሁለት ምርመራ በአንድ ጥንድ የምታደርግ፣ የጣለችውን አጥባ ለቦታ ማጽጃ የምትጠቀም፣ ከቤተሰብ የተገዛውን የምትለብስ፣ ጓንቱ «አላለቀባትም»። መዝገቡ ላይ የሚታየው ፍጆታዋ ትንሽ መሆኑ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ሁለት ወርም ትንሽ ይላክላታል። ጉድለቱን በትከሻዋ የተሸከመችው ሠራተኛ ጉድለቱን ከወረቀት ላይ ታጠፋዋለች። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ጎበዝነቷ በእርሷው ላይ ይቆጠራል።

ያጠበችው ጓንትስ? በክሎሪን የታጠበ የላቴክስ ጓንት ይደክማል፤ ዓይን የማያየው ቀዳዳ ያበጃል። ለብሳዋለች፤ አልተጠበቀችም።

አደጋውም ከኮሮና ጋር አልመጣም፣ አብሮትም አልሄደም። በመርፌ ለተወጋ የጤና ሠራተኛ ኤች አይ ቪ የመተላለፍ ዕድሉ ከ1,000 ውስጥ 3 ገደማ ነው፤ በ72 ሰዓት ውስጥ መድኃኒት ከጀመረች ደግሞ በእጅጉ ይቀንሳል። ሰው ሁሉ የሚፈራው ይህን ነው። ሄፓታይተስ ቢ ግን፣ ሕዝቡ ከሌላው ጋር አደባልቆ የወፍ በሽታ የሚለው፣ ቫይረሱ በደሟ ከበዛ ሴት ከተወሰደ ከ100 እስከ 30 ሊደርስ ይችላል። ክትባት አለው፤ በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ መወጋት ነው። በኢትዮጵያ ሦስቱንም የጨረሱ የጤና ሠራተኞች ጥቂት ናቸው። እውነቱን ለመናገር ለኮሮና ክትባት የተደረገው ሰልፍና ካሜራ ግማሹ ለዚህ ቢደረግ ኖሮ!

የኮሮናው ክትባት ቢሆን ለጤና ሠራተኞች ቅድሚያ ተሰጥቶ የተጀመረው መጋቢት 4 ቀን 2013 ነው፤ የመጀመሪያው ታማሚ በተገኘ ልክ በዓመቱ። በዚያ መካከል የዓለም ጤና ድርጅት ከተመዘገቡት ታማሚዎች 14 በመቶ ያህሉ የጤና ሠራተኞች መሆናቸውን ተናግሯል። እስከ ሚያዝያ 2013 በዓለም 115,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ሳይሞቱ እንዳልቀሩም ገምቷል። ቁጥሩ ግምት የሆነው ቆጣሪ ስላልነበረ ነው።

ላስታ ግን ለመቁጠርም ፋታ አላገኘችም። ሐምሌ 29 ቀን 2013 የሕወሓት ኃይሎች ላሊበላን ያዙ። ከተማዋ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ተገላበጠች፤ መብራት፣ ስልክና ባንክ ለወራት ተቋረጡ። በሰሜን ወሎና በአጎራባች ዞኖች ብዙ ጤና ጣቢያዎችና ኬላዎች ተዘረፉ። ጦርነት ሲመጣ አልጋና ማይክሮስኮፕ መወሰዱ ዜና ይሆናል፤ የጓንት ፓኬት መወሰዱን የሚመዘግብ የለም። ሴቶቹ ግን መውለድ አላቆሙም። በሻማና በስልክ መብራት፣ አንዳንዴም በልምድ አዋላጅ እጅ፣ በባዶ እጅ ተወለደ። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ የቀጠለው ግጭት መንገዱን እንደገና ዘጋግቶታል፤ አምቡላንስ መንቀሳቀስ ያልቻለባቸው፣ ከደሴ የሚጫነው ዕቃ በየከተማው የቆመባቸው ጊዜያት አሉ።

ሕጉስ ምን ይላል? አሠሪ የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ የሚያስገድደው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመንግሥት ሠራተኞችን አይመለከትም፤ የጤና ጣቢያዋ ሚድዋይፍ ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ ናት። በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ስለ ሥራ ደህንነት የተጻፈ አለ፤ ጓንት የለም ብላ ማዋለድ እምቢ ያለች ሚድዋይፍ ግን አልሰማሁም። እንዴት ትላለች? አሮጊቷ «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ በር ላይ ናቸው።

አደጋው ዛሬም አላለፈም፤ ኅዳር 2018 ጂንካ ላይ የማርበርግ ቫይረስ ሲረጋገጥ ከታመሙት መካከል የጤና ባለሙያዎች ነበሩ። ማርበርግ በደምና በሰውነት ፈሳሽ ይተላለፋል። ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ከዚህ ሌላ ምን አለ?

ስለዚህ ለወረዳዎቹና ለዞኑ ጤና መምሪያ፣ ከላስታ ወጥታችሁ አዲስ አበባም ሆነ ባሕር ማዶ ለምትኖሩትም አንድ ጥያቄ አለኝ። የጓንቱን መጠን ባለፈው ፍጆታ መገመት ይቅርና በወላዶቹ ቁጥር አስሉት። አንዲት እናት ስትገባ ትመረመራለች፤ በምጥ መከታተያው ቅጽ፣ በፓርቶግራፉ፣ መሠረት ከዚያ በየአራት ሰዓቱ፤ ስምንት ሰዓት ካማጠች ሦስት ጥንድ ሄደ። ስትወልድ ድርብ ይለበሳል፣ አምስት። ለስፌት አንድ፣ ሕፃኑን ለሚቀበለው ረዳት አንድ፣ ለተቀደደው አንድ። ስምንት ጥንድ። በወር 30 እናቶችን የሚያዋልድ ጤና ጣቢያ 240 ጥንድ ይፈልጋል። ፓኬቱ 50 ጥንድ ይይዛል።

አምስት ፓኬት ነው።